የሪኮ የአንገት ቀበቶ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። አል ገራፋ።

ባባ፣ ዐረቡ አሠሪዬ፣ ዛሬ ግቢው ውስጥ የተቀበረውን የውሻ አጥር ሽቦ ጠገነ። ውሻ ሲጠጋው የአንገት ቀበቶው ይጮህና ይመልሰዋል። ሽቦው ተበጥሶ ነው ውሻቸው ሪኮ ወጥቶ መኪና ገጭቶ የገደለው። አሁን አዲስ ውሻ ሊመጣ ነው።

ባባ ሽቦው ደህና በሆነበት ሁሉ የምትጮኸውን ትንሿን ሬዲዮ ይዞ መስመሩን ተከተለ። ጩኸቷ የግቢው ቧንቧ ጋ ሲጠፋ እኔ ቆፈርኩ። የተበጠሰውን ቀጠለና የሪኮን የአንገት ቀበቶ ሰጠኝ።

"ያላ ዘሀራ፣ ይዘሽ ዙሪ። ከጮኸ ሠርቷል።"

የሪኮ ፀጉር ገና ከቀበቶው አልለቀቀም። በሕይወት እያለ አንድ ቀን በእጄ ነክቼው አላውቅም። ነጃሳ ነው፣ ሶላቴን ያበላሽብኛል እያልኩ በመጥረጊያ ሳባርረው ጨዋታ ይመስለው ነበር።

ሽቦው ጋ ስደርስ ቀበቶው መዳፌ ውስጥ ጮኸ። ባባ "ኸላስ፣ አለቀ" ብሎ ገባ።

የከሰዓቱ የዐስር ሶላት አዛን ተሰማ። ልታጠብ ቧንቧውን ከፈትኩ። የሪኮ ፀጉር ጣቴ ላይ ነበር።

ውሃው ሳይወስደው ቧንቧውን መልሼ ዘጋሁት።