በየገጹ ማኅተም ተመትቶበት ስለተመለሰው ዋሻ

መጽሐፉ ተመለሰ፤ ጎረቤቶቼ፣ ዛሬ ጠዋት ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት በገዛ እጄ ተቀብዬ፣ በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ ብቻዬን እየሳቅሁ በፌርማታው በኩል መጥቻለሁ፤ ሰላምታ ማስቀደም የሚገባኝ መሆኑን አላጣሁትም፣ ደስታው ግን ቀደመኝ።

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ መኳንንት፣ የቀበሌያችን የውይይትና የጥናት ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ክረምቱን ሙሉ ዋሻ ውስጥ የቆመ ሰው ጉልበቱን ብርድ ሳይመታው አይቀርምና፣ ለእርስዎም፣ ከኋላዎ ችቦ ይዘው ለቆሙት የኮሚቴ አባላትም ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ ዛሬ ከደህናም በላይ ነኝ።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ፣ ማሳጠር ተፈጥሮዬ ባይሆንም። መርከበኛው ወንድሜ ወንድይፍራው ከሩቅ ወደብ አንድ ሣጥን አመጣልኝ፤ በውስጡ ብዙ ፊት ያላቸው ባለቁጥር ጠጠሮችና አንድ ስስ መጽሐፍ አሉ። ጨዋታው ገበታ ከቦ ተቀምጦ ሌላ ሰው መሆንና በሐሳብ ዘንዶ ያለበት ዋሻ መግባት ነው። ልብስ ሰፊው ፈቀደ ጋሻ ጃግሬ ይሆናል፣ ጎረቤቴ ዘይነባ መድኃኒት አዋቂ ትሆናለች፣ እኔ የጨዋታው መሪ ሆኜ የሚያዩትን እነግራቸዋለሁ፤ ምን እንደሚያደርጉ እነሱ ይናገራሉ፣ መሳካት አለመሳካቱን ጠጠሩ ይፈርዳል። የታተመ ጀብዱ የምለው መጽሐፉ ለመሪው የተዘጋጀ ነው፤ የዋሻውን ካርታ፣ በየክፍሉ ያለውን ነገር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የዘንዶውን ጠባይ ይዟል። እሁድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ስንጫወት፣ በመስኮቴ ሥር ያለፈ አንድ ንቁ ዜጋ ፈቀደ የዋሻውን ዘብ ከኋላ ልመታው ነው ሲል ሰማና፣ ሰኔ ሳይወጣ መጽሐፉ ቀበሌ ገባ። እንግዲህ ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

፩ኛ/ ካርታውን የቀራንዮ ገደል ካርታ ነው ብላችሁ ስለጠረጠራችሁ አመሰግናለሁ። ወንዝ አለው፣ ጉብታ አለው፣ ወንዙም ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? የአብዮት ጥበቃ ልጆች ከአስኮ እስከ ሳንሱሲ በዚያ ጭቃ ሲያስሱ ውለው፣ አንድ የጅብ ጉድጓድ አግኝተው፣ ከባለቤቱም ጋር ተዋውቀው በሩጫ ተመልሰዋል። የታተመ ጀብዱ የመጀመሪያ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ካርታው እንዲህ በጥንቃቄ የተሠራ ስለሆነ ቀበሌ እንኳን ያምነዋል። እኔ በኋላ በእጄ የሳልኩትንማ ዘይነባ አገላብጣ አይታ፣ ዳቦው ለምን ተሰነጠቀ ብላ ጠይቃኛለች።

፪ኛ/ ለምርመራ ስለጠራችሁኝ አመሰግናለሁ። በመጽሐፉ ከዋሻው ሁለተኛ በር በስተጀርባ የተደበቀው ማን እንደሆነ እንዳጋልጥ አዘዙኝ፤ እኔም በሩን ያልከፈተ ሰው ሊያውቅ እንደማይችል በትሕትና አስረዳሁ። ክፈቺው አሉ፤ የሚከፍቱት እርስዎ ነዎት፣ ጠጠሩን ይጣሉ አልኩ። ጣሉት፣ ጓድ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ረቡዕ ረቡዕ የምንሰበሰበው ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ቃለ ጉባኤው ግን ምርመራው ቀጥሏል ይላል፣ እኔም ከቃለ ጉባኤ ጋር ተጣልቼ አላውቅም።

፫ኛ/ መጽሐፉን ረቡዕ ከእኔ ጋር አውላችሁ እሁድ ስለከለከላችሁኝ አመሰግናለሁ። ያንኑ ዋሻ በአንድ ሳምንት ውስጥ አንዴ ከመጽሐፍ፣ አንዴ ከባዶ ጭንቅላት መምራት የደረሰበት ሰው ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም፤ እንዲህ ያለ ትምህርት በትምህርት ቤትም አላገኘሁ። ድስት እያማሰልኩ ንጉሥ ስፈጥር፣ ልብስ እያሰጣሁ ወንበዴ ስፈጥር ሰነበትኩ፤ እሁድ ሲደርስ ግን ንጉሡም ወንበዴውም የሟቹን የአማቴን ጠባይ ይዘው ቁጭ ይላሉ። ዘይነባ በሩን ስትከፍት ከበስተኋላው ያዘጋጀሁት ነገር ስለሌለ፣ ሌላ በር አለ አልኳት። ያንንም ከፈተች። ነሐሴ እስኪጋመስ ድረስ በር ስንከፍት ቆየንና፣ እሷም ዘንዶ ገድለን ልንመለስ ነው ወይስ የአናጢ ሥራ ልንረከብ ነው የመጣነው ብላ አረፈች።

ከነዚያ በሮች ለመገላገል ስቸኩል ጣራውን በፈቀደ ጋሻ ጃግሬ ላይ ጣልኩት። ይህን ሳይቀልዱ ያንብቡልኝ። ፈቀደ በመጽሐፉ ሁለት ጊዜ ሞቷል፣ ሁለቱንም ጊዜ እየሳቀ ነው የሞተው፤ በመጽሐፍ የሞተ ሰው የሚቀየመው ደራሲውን ነው፣ ደራሲው ደግሞ ባሕር ማዶ ነው። በእኔ አፍ ሲሞት ግን ጠጠሮቹን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ ተነሣ፤ ከዚያ ወዲህ በሱቁ በር ባለፍኩ ቁጥር ሰላምታዬ እንዳይሰማ የስፌት መኪናውን አጥብቆ ይረግጣል። ጓድ፣ ክረምቴን ያከፋው ያ ባዶ ወንበር ነው።

፬ኛ/ ኮሚቴው በድምፅ ብልጫ ስለሚጫወት አመሰግናለሁ። መጽሐፉ እንግዶች ሲገቡ ዘንዶው ይነቃል ይላል። ነቃ። እናንተ ግን አጀንዳ አስጸደቃችሁ፤ ዘንዶውም ሂስና ግለ ሂሱ እስኪያልቅ አፉን ከፍቶ ቆሞ ጠበቀ። ይህንን ደራሲው አላሰበውም። ነገር ግን ጨዋታ የምትመሪ ሁሉ ስሚኝ፤ ጥሩ የታተመ ጀብዱ የሚባለው ተጫዋች የሚያደርገውን ሁሉ አስቀድሞ የገመተ አይደለም፣ ያንንማ ጠንቋይም አይችለው። ዘንዶው ምን እንደሚወድና ምን እንደሚፈራ የሚነግርሽ ነው፤ እሱን ካወቅሽ ከስብሰባ ጋር እንኳን ቢፋጠጥ ምን እንደሚመልስ አይጠፋሽም። የእኛ ዘንዶ ሀብት መጠበቅ ይወዳል፣ ብቻውን መኖር ግን ሰልችቶታል፣ እንዲህ ተብሎ ታትሟል። ስለዚህ ክንፉን አውጥቶ የመናገር ዕድል ጠየቀ፤ እርስዎም ሰጡት። ጳጉሜን ላይ፣ በዚያ ሁሉ ዘመን ከጠበቀው ሀብት አንዲት ፍራንክ እንዳልጎደለች ተመስክሮለት፣ በሙሉ ድምፅ ገንዘብ ያዥ ሆኖ ተመረጠ። ለኅብረት ሱቃችን ስኳርም እንዲህ ያለ ጠባቂ ቢገኝ ብዬ ከተቀመጥኩበት ተመኘሁ፣ ክፋት የለኝም።

፭ኛ/ ምርመራው በዚሁ ተዘግቶ፣ መስከረምን ሙሉ በየገጹ ታይቷል የሚል ማኅተም ስትመቱበት ስለቆያችሁ አመሰግናለሁ። ማኅተሙ በሰባተኛው ክፍል ያለውን አውሬ ስም ስለሸፈነው እዚያ ማን እንደሚኖር ከእንግዲህ አይታወቅም። እኔ ግን ወስኛለሁ፤ ክብ ነው፣ ወይን ጠጅ ቀለም አለው፣ ማንንም ሳያስፈርም አያሳልፍም። የታተመ ጀብዱ ትልቁ ውለታው ይህ ነው፤ አጥንቱን ይሰጥሻል፣ ሥጋውን ከሰፈርሽ ታለብሺዋለሽ።

መጽሐፉን ይዤ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ቤቴ አይደለም፣ ወደ ፈቀደ ሱቅ ነው። ካርታውን ገለጥኩለት፤ ጣራ በወደቀበት ክፍል ሥር የውኃ መውረጃ አለ፣ ሰው በሆዱ ተስቦ የሚያልፍበት። እኔ በራሴ ስመራ ረስቼው ኖሯል። መኪናውን አቆመ፣ ጣቱን በመስመሩ ላይ አስኬደ፣ ታትሟል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ታትሟል፣ ማኅተምም አለበት አልኩት። ማኅተማችሁን በአውራ ጣቱ አሸት አድርጎ አየና፣ ማኅተም ያለበትን ነገርማ ማን ይክዳል አለ። ሞቱ ተሽሯል። ስለዚህች አንዲት ማኅተም፣ ጓድ፣ ምስጋናዬ ከልቤ ነው።

በቀድሞ ተመርማሪነቷ የምትኮራው፣ የዋሻው ባለአደራ፣ ወንበሮቿ ሁሉ ሰው የሚያገኙላት አክባሪዎ፣

አጸደ ወልደሰንበት
ቀራንዮ፣ ጥቅምት ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለኅብረት ሱቅ ተሰላፊዎች
በመስኮቴ ሥር ለሚያልፈው ንቁ ዜጋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ረቡዕ የሚሠሩት ጠፍቶዎት አዲስ የሚመረመር ሰው እያፈላለጉ እንደሆነ ሰምቻለሁ። አይድከሙ፣ እኛ ዘንድ ቦታ አለ፤ በእኛ ገበታ ግን ሰው የሚጫወተው በየተራው ነው፣ ድምፅ አይሰጥም። የኅብረት ሱቁን ኃላፊም ይዘዋቸው ይምጡ፤ ዘንዶው ሒሳቡን ስለሚያቀርብ እንዴት እንደሚቀርብ ይዩ። እናንተም ጎረቤቶቼ፣ ንቁው ዜጋ ሳይቀር፣ ከየቤታችሁ መቀመጫ ይዛችሁ ኑ፤ ፈቀደ ከጣራው ሥር ተስቦ የሚወጣው በጥቅምት መድኃኔዓለም ማግስት፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው።