ስልሳ አምስት ሺህ አድራሻ

ለወንድምዓለም፤

ጤናህ እንደምን ከርሟል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም የሚያመኝ ደረጃ ሳይ ብቻ ነው።

የመሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ባለሙያ፣ መነጽሩ የምንለው፣ ሰሞኑን ጉድ ሠራን። እያንዳንዱ ኮምፒውተር እንደ ቤት ቁጥር የራሱ አድራሻ አለው አሉ። እሱም የአድራሻዎቹ መጀመሪያና ስፋት ሲነገረው ሁሉንም አንድ በአንድ የሚዘረዝር ፕሮግራም በፐርል ሠራ። ፐርል ቋንቋ ነው ይላል፤ ሲናገረው ግን ሰምቼው አላውቅም። ታዲያ ስፋቱን 24 ማለት ሲገባው 16 ብሎ ወደ ማተሚያው ላከው። ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት መሆን የነበረበት አድራሻ ከስልሳ አምስት ሺህ በላይ ሆነ። ቁጥሩ ሲያንስ ዝርዝሩ የሚበዛበት ምን ዓይነት ሒሳብ ነው? የወረቀት መጋዘኑ በእኔ እጅ ነውና፣ ማተሚያው ሲተፋ እኔ ሳጎርሰው ዋልን።

ካስተካከለው በኋላ ኮምፒውተሮቹን በየአድራሻቸው ይጠራ ጀመር። አቤት ያለው ምልክት ይደረግበታል።

«ዝም ያሉትንስ ትሰርዛቸዋለህ?» አልኩት።

«ኧረ እትዬ፣ ጠፍቶ ይሆናል፣ ገመዱ ተነቅሎ ይሆናል። ሦስቴ ሳልጠራ አልሰርዝም።»

«ሦስት ያንሳል፤ አሥር አድርገው» ብዬ ተቆጣሁት። ሰውዬው ደንግጦ አሥር አደረገው።

ይህ ሦስተኛው ደብዳቤዬ ነው። መጻፍ ባይመችህ ባዶ ወረቀት አጥፈህ ላክልኝ፤ እዚህ እንደሆነ ወረቀት አልቋል።

ደጅህ ሰላም፣ እንቅልፍህ ጣፋጭ ይሁን።

ታላቅ እህትህ