ፊቴን ከድረ ገጽዎ ላይ እንዲያነሡልኝ

ለተከበሩ አቶ ዮጌቭ፣
የሠራተኛ አቅራቢው ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፣
ቂርያት ጋት

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ፤ የቢሮዎ ኢንተርኔትም እንደ ወትሮው በጤናና በፍጥነት እንዲውል ከልብ እመኛለሁ። አያለች እባላለሁ፤ በኢንዱስትሪ ቀጠናው ማሸጊያ ክፍል ስሠራ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ደብዳቤውን በአደባባይ የለጠፍሁት በግል የላክኋቸው ሦስቱ በሥራ ብዛት ምክንያት ሳይነበቡ ቢቀሩ ነው።

አንደኛ፣ ስለ አዲሱ አሠራር ላመስግንዎ። ቀድሞ ጸሐፊዎ ኦራል ደውላ «በሚመጣው ሳምንት የጠዋት ሚሽመረት ትገቢያለሽ?» ትለኝ ነበር፤ «እገባለሁ» ስላት ሚሽመረቱ፣ ማለትም የፈረቃዬ ነገር፣ በዚያው ያልቅ ነበር። ከፋሲካ ወዲህ ግን ይህን ኋላ ቀር ልማድ አስቀርተው፣ እሁድ እኩለ ቀን ላይ በድረ ገጹ ቀድሞ የተመዘገበ ፈረቃ እንዲያገኝ፣ ሦስት ሳምንት ያመለጠው ደግሞ ከዝርዝር እንዲሰረዝ ወስነዋል።

ሁለተኛው የጋሽ ጎበዜ ጉዳይ ነው። ጋሽ ጎበዜ የማሸጊያ ክፍል ባልደረባዬና የስድሳ አንድ ዓመት ሰው ናቸው፤ በአሥራ አንድ ዓመት ሥራቸው አንድ ቀን አርፍደው አያውቁም። ስልካቸው አሮጌ በመሆኑ ሁለት እሁድ ሳይመዘገቡ ቀሩ። በሦስተኛው እሁድ በፋብሪካው በር አጠገባቸው ቆምሁ። ልክ እኩለ ቀን ሲሆን በስልካቸው ላይ ድረ ገጹን ነኩት። ገጹ ነጭ ሆኖ ቆየ፤ ከዚያ የአንዲት ሴት ግንባር ወጣና ቆመ፤ ቆይቶ ዓይኖቿ መጡ። ሴትየዋ እኔ ነበርሁ። በጥር ወር የላኩት ካሜራ ያዥ «አያለች፣ አንዴ ደግመሽ ፈገግ በይ» እያለ ለድርጅትዎ ማስታወቂያ ግማሽ ቀን የቀረጸኝ ቪዲዮ ነው። ጋሽ ጎበዜ ጣታቸውን ከስልኩ ላይ ሳያነሡ፣ እኔም ሰዓቴን እያየሁ፣ ፈገግታዬ ተሟልቶ እስኪመጣ አራት ደቂቃ ጠበቅን። ዝርዝሩ ሲከፈት «ሞልቷል» ይላል። ስልኩን ኪሳቸው ከተቱና «አንቺ ምን ታደርጊ» አሉኝ። ባይሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ሦስተኛ፣ በማግስቱ ሚስራድዎ፣ ማለትም ቢሮዎ፣ ስለተቀበሉን እናመሰግናለን። ገጹን በትልቁ ኮምፒውተርዎ ከፈቱት፤ ዓይን ጨፍነን ሳንገልጥ ተከፈተ። «እኛ ጋ ይሠራል» አሉን። ጋሽ ጎበዜ ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ዘርግተው «እባክዎ በዚህኛው ይክፈቱልኝ» ቢሉዎት፣ ሳይቀበሏቸው አዲስ ስልክ ቢገዙ እንደሚሻል መከሯቸው። ምክሩ ከልብ እንደሆነ አልጠራጠርም። ከሰዓት በኋላ ከዝርዝር መሰረዛቸውን የሚገልጽ መልእክት ደረሳቸው፤ እሱ ግን በዚያው አሮጌ ስልክ ወዲያው ተከፈተ።

ካርሜ ጋት የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ታሄል ሙያዋ ድረ ገጽ መሥራት ነው። ገጽዎን በአምስት ዓይነት ስልክ መረመረችና ያገኘችውን በአንድ ወረቀት ጽፋ ላከችልዎ፦ ቪዲዮው እጅግ ከባድ ነው፤ ከሁሉም ቀድሞ ስለሚጫን የፈረቃው ዝርዝር ከኋላው ተሰልፎ ይጠብቃል፤ ቪዲዮውን ማንሣት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። እርስዎም ከሁለት ሳምንት በኋላ ገጹን አሻሻሉ፤ ቪዲዮው እስኪጫን የምትሽከረከር ክብ ጨመሩበት፤ ከሥሯም በአማርኛ «ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» የሚል ጻፉ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ድርጅትዎ በቋንቋችን ሲጽፍልን ይህ የመጀመሪያው ስለሆነ፣ ምስጋናውን ለታሪክ አስቀምጠነዋል።

ጋሽ ጎበዜ አሁን ቤት ናቸው። ባለቤታቸው እማማ መብራት እንደነገሩኝ፣ ጠዋት በሰዓታቸው ተነሥተው የሥራ ልብሳቸውን ይለብሱና ይቀመጣሉ። እኔን ሲያዩ ግን ይሥቃሉ፤ እኔም ዓይናቸውን ማየት አቅቶኛል።

ስለዚህ የቀረጻው ቀን የፈረምሁትን ወረቀት ፈልጌ አገኘሁት። በዕብራይስጥ የተጻፈ ነው፤ ያኔ ማንም አላነበበልኝም ነበር፤ አሁን ታሄል አነበበችልኝ። በአራተኛው አንቀጽ፣ ፈራሚዋ ፈቃዷን በጽሑፍ ካነሣች ምስሏ በሰባት ቀን ውስጥ ይወርዳል ይላል። ያ ጽሑፍ ይኸው ነው። ዛሬ እሁድ ነው፤ በሚመጣው እሁድ እኩለ ቀን ፊቴ በገጽዎ ላይ እንዳይገኝ፣ የጋሽ ጎበዜ ስምም ወደ ዝርዝሩ እንዲመለስ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ከፊቴ ጋር የእኔም ስም ሊወርድ እንደሚችል አውቃለሁ። ሆኖም ፈርሜአለሁ።

ውድ ጊዜዎን ለዚህ ሁሉ መስመር ስላበደሩኝ ውለታዎን እያሰብሁ፣ በፍጹም አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

አያለች፣ ከማሸጊያ ክፍል

ማሳሰቢያ፦ በቪዲዮው ቦታ ሌላ ፊት ካስፈለገ የራስዎን ቢያስገቡ ደስ ይለናል። ከጋሽ ጎበዜና ከእኔ በቀር ከማሸጊያ ክፍል አይቶዎት የሚያውቅ ሠራተኛ የለም።