በስምህ የተለቀቀው ያክ

ውድ ወንድሜ ጉርመት፣

ወደ ሌህ ከተማ የሚወስደውን መንገድ በረዶ ስለዘጋው ይህ ደብዳቤ መቼ እንደሚደርስህ እንጃ። ለውትድርና ወደ ድንበር ከወጣህ ወዲህ ድምፅህም ጠፍቷል። ቢሆንም ለማን ልንገር? ያክህ ወድቋል።

በልጅነትህ ሳንባህን ታመህ ተስፋ ሲቆረጥብህ፣ አባባ እሱ ከተረፈ አንተም ትተርፋለህ ብሎ ከቢላዋ አስጥሎ በስምህ የለቀቀው ያ ጠጉራም በሬ። ጆሮው ላይ ቀይ ክር ከታሰረለት ጀምሮ ማንም አልጫነውም፣ አልሸለተውም። የሰው ገብስ ሲያወድም እንኳ "የጉርመት ነፍስ ነው" እየተባለ ይታለፍ ነበር። እኔ እሸት ብቀጥፍ ግን ጆሮዬን እቆነጠጥ ነበር።

አሁን አርጅቷል፤ በረዶ አንሸራቶት የኋላ እግሩ ተሰብሯል። አይነሳም፣ አይሞትም። ማቃሰቱ ቤት ድረስ ይሰማል። የታችኛው መንደር ሥጋ ሻጭ ጉላም መጥቶ አየውና ራሱን ነቀነቀ።

"እትዬ፣ ይፍቀዱልኝና ላሳርፈው። ሥጋውን አልነካም" አላት እማዬን።

"በልጄ ላይ ቢላዋ ልታነሳ?" አለችው። ጉላም አልተቀየማትም፤ ጭድ አምጥቶ ጎዘጎዘለትና ሄደ።

ገዳም ወጥቼ መነኩሴውን፣ ላማውን፣ ጠየቅኋቸው። መግደልም አይሆንም፣ ብቻውን መተውም አይሆንም አሉኝ። ደስታ የሚገኘው የሌላውን ሥቃይ የራስ በማድረግ ነው የሚለውን የዘወትር ትምህርታቸውንም ደገሙልኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ እኔ ግን ተናድጄ ወረድኩ። ሥቃዩን የራሴ ባደርገው ለእሱ መች ቀነሰለት? በሶ በጥብጬ አፉ ውስጥ አደርግለታለሁ፤ መልሶ ይፈስሳል።

እማዬ እሱ ከሞተ አንተንም የምታጣህ ይመስላታል። አንገቱን አቅፋ "በርታ፣ ልጄ እስኪመለስ አትሂድ" ስትለው ትውል ነበር። ትናንት ግን ዓይኑን ስትጠርግለት ቆየች።

"ዕድሜህን ሙሉ ለጉርመት ብዬ ነው የወደድኩህ" አለችው ቀስ ብላ። "አንተን ራስህን አንድ ቀን አላየሁህም። ሂድ የኔ ጌታ፣ ስለ እኛ ብለህ አትቆይ።"

አልሄደም። ዛሬም ይተነፍሳል። እማዬ ግን ሸክም እንዳወረደ ሰው ፊቷ ተፈትቷል፤ አጠገቡ ቁጭ ብላ እያሻሸች ታጫውተዋለች።

እኔ እንደ እሷ መሆን አቃተኝ፣ ወንድምዓለም። እንዲያርፍ ልጸልይ ስጀምር አንተ ትመጣብኛለህ። እንዲቆይ ስጸልይ ደግሞ ያቃስታል። እባክህ ደህና ነኝ ብለህ አንድ ቃል ላክልኝ፤ እኔም ሂድ ልበለው።

እህትህ ያንግዶል