የሐሙሱ አውሮፕላን ወንበር

ለእህቴ ልጅ ለሩታ፣ የደቡብ ሱዳን ነዳጅ ጉድጓዶች እመቤት፦

ጌታ ከነጤናሽ ያቆይሽ፤ እኛ በምሕረቱ አለን። ኢንተርኔት ስለጠፋ ክሴን በወረቀት ተቀበይ፤ የላክሽልኝ ምሳ ዕቃ ክዳኑ አይገጥምም። ትናንት ሽሮው ሱሪዬ ላይ ፈስሶ የሰበታ ታክሲ ሙሉ ሳቀብኝ።

ሰበታ ምን ወሰደህ አትበይ። ሰኞ እዚሁ ቡራዩ ፖሊስ ጣቢያ ምሳ ይዤ ሄድኩ። ዘበኛው የታሳሪውን ስም ጠየቀኝ፤ የወንድምሽን፣ «ሙሴ» ስለው የእስረኞቹን ዝርዝር አገላብጦ ከነምሳዬ መለሰኝ። ሰበታም እንደዚያው። ዛሬ ደግሞ ሱሉልታ ነበርኩ፤ «ኦቦ፣ እዚህ ቢኖር ምሳውን እንቀበልዎት ነበር» አለኝ ዘበኛው፣ ትሑት ልጅ ነው። የተመለሰውን ሁሉ ስበላ ወፍሬልሻለሁ። ተሳፋሪውን ከነሻንጣው የምትመዝኝበት ያ የጭቃ ኤርፖርትሽ አሁን ቢያገኘኝ በጭነት ዋጋ ያስከፍለኛል።

ለወንድምሽ የያዝሽለትን የሐሙስ ወንበር ለሌላ እንዳትሰጪ። የነዳጅ ኩባንያውን አለቃ «ሙሴን ጉንፋን ይዞታል፣ በሚቀጥለው ሐሙስ ይመጣል» በይው። ፓስፖርቱ እኔ ኪስ ውስጥ ነው። አክስትሽ ተስፋነሽ ጫማውን በየቀኑ ትቦርሻለች፤ «የማንም እግር ያልገባበት ጫማ ምን አቧራ አለው?» ብላት ተቆጣችኝ።

ቆይ፣ በር ተንኳኳ። ተስፋነሽ ነጠላዋን ጥላ ሮጠች። የማላውቃት ሴት ናት፣ ባዶ ሳህን ይዛለች።

«የሙሴ ቤት ይህ ነው? ባሌን ልጠይቅ ሆለታ ጣቢያ ሄጄ ነበር፤ አብረው ናቸው» ትላለች።

ሆለታ! እኔ ሞኙ!

ልነሳ። በደህና ያገናኘን።

አጎትሽ አጵሎስ