መርዙ ይወጣል

ውድ ማስ ፓርዮኖ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲያ ስለሚጀመር ነው እንጂ፣ ዛሬም እጄ ብትገባ አልምርህም። ግንባርህ ላይ የቀረውን ጠባሳ ስትዳስስ ታስታውሰኛለህ። ያርኒስ ነኝ፣ የማርሊስ ልጅ።

የአባቴ መንጋጋ ገጥሟል፣ ንግግሩ ግን አልተመለሰም። መቅዘፊያህ ሲያርፍበት ምላሱን በገዛ ጥርሱ ቆርጦታል። ሾርባ በማንኪያ አጠጣዋለሁ፤ ግማሹ በአገጩ ይፈስሳል። እንድታውቀው ብዬ ነው።

የዓሣ አርቢዎቹን የስልክ ግሩፕ የከፈትከው አንተ ነበርክ። ከጃቫ መጥተህ የዚያ የከተማ ሀብታም ሐይቁ ላይ ዓሣ የሚያረባባቸው መረቦች ኃላፊ በሆንክ ሰሞን፣ እኛ በረንዳ ላይ በሙዝ ቅጠል የተጠበሰ ሪኑዋክ፣ የሐይቃችንን ትንንሽ ዓሣ፣ እየበላህ ለአባቴ ስልክ አስጨበጥከው። «ፓክ፣ አባታችን፣ እርስዎ የሚያውቁትን እዚህ ይናገሩ። እኛ ደግሞ የውሃውን ሙቀትና የመኖውን ነገር ሁሉም በሚያየው ሰንጠረዥ ላይ እንሞላለን። ሩቅ ሱላዌሲ ደሴት ያለ አርቢ ሳይቀር ይማርበታል» አልከው።

«ዓሣውስ ስልክ ያነሳል?» አለህ አባቴ።

ከት ብለህ ሳቅክ። ያን ሳቅህን ወድጄው ነበር።

ከዚያ ወዲያ የአባቴን የጠዋት ድምፅ ሳይሰማ መኖ የሚበትን ሰው ጠፋ። «ውሃው ሻይ መስሏል፣ ዛሬ አታብሏቸው» ይላል፤ ሁሉም እጁን ይሰበስባል። ከእኛ ቋንቋ ያልገባህን እኔን ትጠይቀኝ ነበር። «ያርኒስ፣ እሺ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ትለኛለህ፣ እነግርሃለሁ። ያን ቀን ብቻ አልጠየቅከኝም።

ያን ቀን አባቴ፣ «መርዙ ዛሬ ይወጣል። የሰማኝ ዓሣውን ያውጣ» አለ። በእኛ ሐይቅ መርዝ የምንለው ነፋስ ከኮረብታው ሲወርድ ከሥር ተገልብጦ የሚመጣውን፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተውን ውሃ ነው። ማንም አይጨምረውም፣ ማንም አይከለክለውም። አያቶቻችን መርዝ ሲሉት ኖረዋል፣ እኛም እንዲያው እንላለን። የሐይቁ ሰው ሰምቶ ዓሣውን አወጣ። እናንተ ከሌላ አገር የመጣችሁት ነገሩ ስላልገባችሁ አላወጣችሁም። ከሰዓት በኋላ ዓሣችሁ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፈፈ።

ቆንጨራና መቅዘፊያ ይዛችሁ መጣችሁብን። አንተ ከፊት ነበርክ። የአባቴን ድምፅ ከስልክህ ደጋግመህ እያሰማህ፣ «አንተ ሽማግሌ! ራስህ ካልጨመርከው ቀድመህ በምን አወቅህ? የአገርህ ሰው ሁሉ ዓሣውን ያወጣው በምን አውቆ ነው?» ብለህ አንባረቅክ። ሳይቃጠል በቅጠል ብሎ ያስጠነቀቀው ሰው ወንጀሉ ማስጠንቀቁ ሆነ።

«ልጄ፣ እሱማ ውሃው ራሱ...» አለህ አባቴ።

አላስጨረስከውም። አጥንቱ ሲሰበር ሰምቻለሁ። ወድቆም አልተዋችሁትም፣ አንዱ ደረቱን ረገጠው፤ ሌሎቹ የመረባችንን ገመድ በቆንጨራ ቆራርጠው ወደ ሐይቁ ሰደዱት። ዓሣ የምናደነዝዝበትን ዱላ አንስቼ ግንባርህን ከፈትኩት። ደምህ ዓይንህ ውስጥ ሲገባ ደስ አለኝ። ዛሬም ደስ ይለኛል። ያጎረሰ እጁን ተነከሰ ይባላል፤ እኔ ደግሞ ነካሹን ጥርሱን ባወልቀው በወደድኩ ነበር።

ፖሊስ ቢይዝህም ጌታህ በዋስ አስፈታህና መረቡን በአዲስ ዓሣ ሞላህ። ከግሩፑም ራስህን አስወጣህ። አሁን የጠዋቱን መልእክት የምጽፈው እኔ ነኝ። አባቴ በምልክት ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ውሃውን በእፍኙ ዘግኖ አሸተተና ፊቱ ተለወጠ። የነገረኝን ለግሩፑ ጻፍኩ። ስልኩን ላስቀምጥ ስል ክንዴን ይዞ ወደ አንተ መረቦች ጠቆመኝ።

«እሱ ከግሩፑ ወጥቷል፣ አያነበውም» አልኩት።

አሁንም ጠቆመ።

«አባዬ፣ ይለቅበት! አንድ ሳይተርፍ ይለቅበት!» ብዬ ጮህኩበት። አባቴ ላይ ጮሄ አላውቅም።

ስልኩን ከእጄ ነጠቀኝ። በአንድ ጣቱ ፊደል እየለቀመ ጽፎ መለሰልኝ፦ «ዓሣው ምን አደረገ?»

እናም ይኸው ጻፍኩልህ። ደብዳቤውን ጀልባ ቀዛፊው ሱታን ያደርስልሃል። ይቅር አላልኩህም፤ አባቴም ይቅር ብሎህ እንደሆነ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። የነገረኝ ይህን ብቻ ነው፦ መርዙ ነገ ይወጣል። ከታች ነው የሚመጣው፣ ሰው አይጨምረውም። ዛሬውኑ ዓሣህን አውጣ።

ያልገባህ ቃል ካለ፣ በዚህ ጊዜ ከመምታትህ በፊት ጠይቅ።

ያርኒስ፣ የማርሊስ ልጅ