ሲሞቅ የማይነሣው ሞተር

ድሬዳዋ፣ ከዚራ
ረቡዕ፣ ግንቦት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ዘርዓብሩክ፣
ጅቡቲ

ሞተሩ ዛሬም ሞቆ እያለ፣ ገመዱን አንድ ጊዜ ስስበው ተነሣ።

አንተ እንዴት ነህ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም እንደተውከው ነው። ሙቀቱ ግን ዘንድሮ አይጣል ነው። ከቀትር በኋላ የግቢው ብረት በር በእጅ አይነካም። በስልክ አንተ ትቸኩላለህ፣ እኔም ያላሰብኩትን እናገራለሁ፤ ስለዚህ ወረቀት ላይ ይሻላል ብዬ ነው።

ጎረቤታችን ፋርሒያ የጀልባህን ሞተር ከጅቡቲ በባቡር ካመጣችልኝ አንድ ወር ሊሆን ነው። ያልከኝን አልረሳሁም። ጠዋት ቀዝቅዞ እያለ ያለ ችግር ይነሣል፤ መረብ ልታነሡ ስታጠፉት ግን እስኪበርድ ድረስ እምቢ ይላል። አንተና ዓምራን ባሕሩ መሐል ሁለት ሰዓት ነፋስ እንደፈለገ ሲወስዳችሁ የዋላችሁበትን ቀን እየሳቅህ ነበር የነገርከኝ። እኔ አልሳቅሁም።

በርሜሉን ውሃ ሞልቼ ሞተሩን ጠርዙ ላይ አሰርኩት። እዚህም ያው ነው፤ ሞቆ ከጠፋ አርባ ደቂቃ ካላረፈ አይነሣም። የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ ግማሹን የሚጠጣው እሱ ሆኗል። እንግዲህ ታውቃለህ፣ እኔ በምድር ባቡር ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁት በናፍጣ ሞተር ነው። የናፍጣ ሞተር እምቢ ሲል ነዳጁን ትከተላለህ። እኔም ነዳጁን ተከተልኩ። ታንኩን አጠብኩ፣ ጎማ ቱቦውን ቀየርኩ፣ ካርቡሬተሩን ሦስት ጊዜ ፈታሁ። እንዲህ ስል ሦስት ሳምንት ሄደ።

ባለፈው ዓርብ ዛኪር መጣ፤ ጥጉ ላይ ባጃጅ የሚጠግነው። ትንሽ ቆሞ አየኝና፣

«አቦ ጋሽ ሣህሉ፣ ይሄ እኮ ባቡር አይደለም። ካንዴላ አለው» አለኝ።

«ካንዴላ እንዳለው አውቃለሁ።»

«አውቀህ ነው ሦስት ሳምንት ቤንዚን ስታሸት የከረምከው?»

ሞተሩን አሙቀን አጠፋነው። ዛኪር ቤንዚኑን የሚለኩሰውን ካንዴላ ፈትቶ የሞተሩ ብረት ላይ አስደገፈው፤ እኔ ገመዱን ሳብኩ። እሳት የለም። በሽታው ለካንዴላው እሳት የሚልከው ኮይል ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይሠራል፣ ሲሞቅ ይሞታል። ሞተሩ እየሄደ ሳለ ውሃ እየዞረ ያበርደዋል። የሚብስበት ሲቆም ነው። ይህን አላውቅም ነበር። ዛኪር ጨርቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ጨምቆ ኮይሉ ላይ ጠመጠመበት። ጥቂት ጠብቀን ካንዴላውን መለስንና ሳብኩ። ተነሣ።

ይህ የሆነው ዓርብ ነው። እሑድ ደውለህ «እንዴት ሆነ?» ስትለኝ «ገና ነው» አልኩህ። ገና አልነበረም።

ከዚያ በፊት በደወልክ ጊዜ «ካልሆነ ተወው አባባ፣ እኔም ሁሉን ጥዬ እመጣለሁ፤ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ አይጠፋም» ብለኸኝ ነበር። እንደዋዛ እንዳልከው ይገባኛል። እኔ ግን በማግስቱ ክፍልህን ኖራ አስቀባሁ፤ አልጋህ ላይ ደርድሬው የነበረውን መፍቻ ሁሉ አነሣሁ። ኮይሉ በእርግጥ ተበላሽቷል፤ ታዲያ ሞተሩ አይሆንም ብል ውሸት ነው ወይ ብዬ ከራሴ ጋር ስከራከር ሰነበትኩ። ውሸት ነው።

ከዓርብ ወዲህ በየቀኑ ከሰዓት እርጥቡን ጨርቅ እየጠመጠምኩ አስነሣዋለሁ። ትናንት ፋርሒያ ከአጥሩ በላይ አንገቷን አውጥታ «ሣህሉ፣ ዳነ አላልክም እንዴ? የዳነ በሽተኛ በየቀኑ መርፌ ይወጋል?» አለችኝ። ለማረጋገጥ ነው አልኳት። እናትህ ካረፈች ወዲህ ይህ ግቢ ከሰዓት በኋላ ድምፅ አልነበረውም።

አሁን ስማኝ። በእርጥብ ጨርቅ ባሕር አይወጣም። እሱ በሽታውን ለማወቅ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም። ኮይሉ መቀየር አለበት። ድሬ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ፤ እናንተ ዘንድ ግን አይጠፋም። ላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር በሌላ ወረቀት ገልብጬ ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ። አዲሱን ግዛ፤ ከአሮጌ ሞተር የተፈታ ከሰጡህ ያው በሽታ ነው። እስከዚያ በሰው ሞተር ብትወጡ መቅዘፊያ ሳትይዙ እንዳትወጡ።

ፋርሒያ ነገ ጠዋት ይህን ደብዳቤ ይዛልህ ትመጣለች፤ የምትመለሰው እሑድ ግንቦት 17 ነው። ኮይሉን ከላክህ ሰኞ እገጥመዋለሁ፤ በሚቀጥለው ጉዞዋ ሞተሩ እጅህ ይገባል። መምጣቱን ከመረጥክም ለምን መጣህ የሚልህ የለም። ክፍሉን ያስቀባሁት ክረምት ስለመጣ ነው፤ እሱን ብለህ እንዳትወስን።

ከእሳቱ መካከል ከሦስቱ ልጆች ጋር የቆመው ገብርኤል በውሃውም ላይ አብሮህ ይቁም። ለዓምራን ሰላምታዬን አድርስልኝ።

አባትህ
ሣህሉ

ይህንንም ልጨምር፦ እሑድ ባቡሩ ሲገባ ጣቢያ እሆናለሁ። ኮይል በአንድ እጅ የሚያዝ ዕቃ ነው፤ ፋርሒያም ሰው ተቀበሉኝ አላለችም። ቢሆንም እሆናለሁ።